ለፑማና ለድብ አደን ውሻ ስትመርጡ ዘሩን እንዴት ታያላችሁ?

አይዳሆ፣ ሞንታና፣ ዩታ፣ አሪዞና አካባቢ የምትኖሩና ወደ አደኑ የገባችሁ ወዳጆች ሁሌ የምትጠይቁት ጥያቄ አለ። «የትኛውን ዝርያ ልግዛ?» መልሴ አጭር ነው፦ ዝርያው ሁለተኛ ነገር ነው። መጀመሪያ የሚታየው ቤተሰቡ ነው። እናቱ፣ አባቱ፣ አያቶቹ፣ ወንድምና እህቶቹ ጫካ ውስጥ ምን ሠሩ? በአንድ ዝርያ ውስጥ ያሉ ሁለት ቤተሰቦች አንዳንዴ ከሁለት የተለያዩ ዝርያዎች በላይ ይራራቃሉ። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ተረት ለፈረስ የተባለ ይመስላል እንጂ እዚህም ቁልጭ ብሎ ይታያል። አጋዘን የማባረር ሱስ በደሙ የመጣበትን ውሻ ለማስተው ስትታገሉ ዓመቱ ያልቅባችኋል።

አደኑን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ፑማ በአሜሪካ ተራሮች የሚኖር ትልቅ የዱር ድመት ነው። ውሾቹ የአውሬውን ሽታ ይይዛሉ፤ እየጮሁ ይከተላሉ፤ ዛፍ ላይ ያስወጡታል፤ ባለቤቱ እስኪደርስ ዛፉ ሥር ቆመው ይጮኻሉ። ባለቤቱ ሲደርስ አውሬውን ረጋ ብሎ ያየዋል። ወንድ ነው ሴት? ያደገ ነው ገና ነው? ደቦል አላት የላትም? ይህን ለይቶ ነው የሚወስነው። ብዙ ጊዜ ፎቶ አንስቶ፣ ውሾቹን አስሮ፣ አውሬውን እዚያው ትቶ ይመለሳል። አንዳንድ ግዛቶች ማሳደድ ብቻ የሚፈቀድበት፣ መግደል የሌለበት ወቅት አላቸው። እንደኔ እንደኔ የውሻ አደን ጣዕሙ እዚያ ነው።

ለሀገር ቤት አንባቢዎች አንድ ነገር ላስቀድም። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ወንጀል ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አሜሪካ ውስጥ፣ በፈቃድ ስለሚደረግ አደን ነው።

አንደኛ፦ ውሻ ከመግዛታችሁ በፊት ሕጉን እዩ

ሰዎች ቡችላውን ገዝተው ከጨረሱ በኋላ ነው ሕጉን የሚያዩት። አታድርጉት። ግዛቶቹ በጣም ይለያያሉ። ኦሪገን እ.ኤ.አ. በ1994፣ ዋሽንግተን ደግሞ በ1996 በሕዝብ ድምፅ ፑማና ድብን በውሻ ማደን ከለከሉ። ካሊፎርኒያ ፑማ ማደንን ከ1990 ጀምሮ ጭራሽ ዘግታለች፤ ድብን በውሻ ማደንንም በ2012 በወጣ ሕግ አቁማለች። ኮሎራዶ ለየት ትላለች። ድብን በውሻ ማደን ከ1992 ጀምሮ ክልክል ነው፣ ፑማ ግን ይቻላል። በ2024 የፑማ አደንን ለማስቆም ለሕዝብ ድምፅ የቀረበው ሐሳብም አላለፈም። ሞንታና በተቃራኒው በ2021 በጸደይ ወቅት ድብን በውሻ ማደን ፈቀደች። አይዳሆ ከአደን ፈቃዱ ሌላ ለውሻ ባለቤቱ ለብቻው ፈቃድ ትጠይቃለች።

ይህ ከዘር ምርጫ ጋር ምን ያገናኘዋል? በጣም ያገናኘዋል። የምትኖሩበት ግዛት ድብ የማይፈቅድ ከሆነ ለድብ ሲባል በጉልበትና በድፍረት የተመረጠ ቤተሰብ ውስጥ ገብታችሁ መግዛት ትርፉ ጣጣ ነው። ለማትጠቀሙበት ነገር ትከፍላላችሁ፣ ያ ሁሉ ጉልበት ደግሞ አጥር ሲያፈርስ ይውላል። ሕጉ በየዓመቱ ስለሚነካካ የግዛታችሁን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የዘንድሮውን መመሪያ አንብቡ። የሰው ወሬ አይበቃም።

ሁለተኛ፦ አውሬውንና መሬቱን ወስኑ

ፑማ ፈጣን ነው፣ ግን ረዥም ርቀት አይሮጥም። ይሮጥና ይደክመዋል፣ ከዚያ ዛፍ ወይም ገደል ላይ ይወጣል። ችግሩ ያለው ሩጫው ላይ አይደለም፤ ዱካውን አግኝቶ እስከ መጨረሻው መፍታቱ ላይ ነው። ድብ ሌላ ነው። ለሰዓታት ይሄዳል፤ ጥሻ ለጥሻ፣ ሸለቆ ለሸለቆ ይጎትታችኋል። ትልቅ ወንድ ድብ ደግሞ ዛፍ መውጣትን ከነጭራሹ እምቢ ብሎ መሬት ላይ ዞሮ ውሾቹን ሊጋፈጥ ይችላል። ስለዚህ ለድብ የሚፈለገው ውሻ ሌላ፣ ለፑማ የሚፈለገው ሌላ ነው። ሁለቱንም የሚሠሩ ቤተሰቦች አሉ። ግን ሻጩ «ሁሉንም ይሠራል» ሲላችሁ ጆሯችሁን ቀጥ አድርጉ።

ከአውሬው ቀጥሎ መሬቱ አለ። ሞንታና ወይም ሰሜን አይዳሆ ውስጥ ክረምቱን በበረዶ ላይ የምታድኑ ከሆነ ዱካውን እናንተው በዓይናችሁ ታያላችሁ። ማለዳ በጫካው መንገድ ላይ መኪና እየነዳችሁ ትፈልጋላችሁ፤ የቱ አዲስ እንደሆነ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ትልቅ ይሁን ትንሽ ከበረዶው ላይ ታነባላችሁ፤ ከዚያ ውሻውን ዱካው ላይ ትለቃላችሁ። እዚህ ላይ ፍጥነትና ዛፍ ላይ የመቆየት ጽናት ከአፍንጫ ይቀድማሉ።

አሪዞናና ኒው ሜክሲኮ በደረቁ መሬት ግን ነገሩ ይገለበጣል። የሚታይ ዱካ የለም። ድንጋይ፣ አቧራ፣ ፀሐይ። ሽታ እርጥበትና ቅዝቃዜ ይወዳል፤ ፀሐይ ከወጣች ይተናል። ስለዚህ ውሻው ሌሊት ያለፈን ፑማ ከድንጋይ ላይ አሽትቶ ማንሳት፣ ወዴት እንደሄደ ራሱ መለየት፣ ሲጠፋበት ተመልሶ መፈለግ አለበት። ይህን የሚሠራ ቀስ ያለ፣ ትዕግሥተኛ ውሻ ነው። በበረዶ ላይ ጀግና የነበረ ፈጣን ውሻ እዚያ ሲሄድ ዱካውን በሩጫ አልፎት ይሄድና ግራ ይጋባል። የበረዶ ሰው የበረሃ ውሻ ቢገዛም በተራው ይናደዳል። ውሻው እያንዳንዱን ኮቴ ሲያሸት ፑማው ሁለት ሸንተረር አልፏል።

ዊስኮንሲንና ሚሺጋን ከሆናችሁ ሌላ የሚታሰብ ነገር አለ፤ ተኩላ። እዚያ ተኩላዎች ለድብ አደን የተለቀቁ ውሾችን ይገድላሉ። ዊስኮንሲን ለባለቤቶቹ ካሳ እስከመክፈል ደርሳለች። ብቻውን ርቆ የሚሄድ ውሻ በዚያ መሬት ላይ እንደ ሌላው ቦታ አይመከርም።

ሦስተኛ፦ ዝርያዎቹን እወቁ፣ ግን አታምልኳቸው

አሜሪካ ውስጥ ዛፍ ላይ በሚያስወጡ ውሾች የታወቁት ስድስት ዝርያዎች ናቸው። ትሪንግ ዎከር፣ ብሉቲክ፣ ፕሎት፣ ብላክ ኤንድ ታን፣ ሬድቦንና ኢንግሊሽ። ብዙዎቹ መጀመሪያ የተያዙት ራኩን የሚባለውን ዛፍ የሚወጣ ትንሽ አውሬ በሌሊት ለማደን ነው፤ ትልቁ አውሬ በኋላ የመጣ ነው። ፕሎት ግን ከዚህ ይለያል።

ፕሎት ከጀርመን ከመጡ ውሾች የተገኘ ነው። በ1750 አካባቢ ከጀርመን የመጣ ፕሎት የሚባል ወጣት ውሾቹን ይዞ መጣ። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ሰሜን ካሮላይና ተራራ ላይ ለድብ አደን ሲያራቡት ኖሩ። ሰሜን ካሮላይና በ1989 የግዛቷ ውሻ አድርጋዋለች። ነብርማ ዥጉርጉር፣ ጠንካራ፣ መካከለኛ ቁመት ያለው ነው። ሲጮህ አጠር አጠር ያለ ድምፅ ነው የሚያወጣው። ድፍረቱ የታወቀ ነው፤ አንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ ግን ድፍረቱ ከልክ አልፎ ውሻውን ያስገድለዋል። ድብ አዳኝ ከሆናችሁ መጀመሪያ የምታዩት እሱን ነው።

ዎከር ፈጣኑ ነው። ከቀበሮ አሳዳጆች የመጣ ነው። ኬንታኪ ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከቴነሲ የተሰረቀ፣ ዘሩ ከየት እንደሆነ በትክክል የማይታወቅ ሊድ የሚባል ውሻ ተዳቅሎበት ነው ዛሬ የምናውቀው ፍጥነት የመጣው ይባላል። የሌባ ውሻ የአንድ ዝርያ አያት ሆነ ማለት ነው! ዛሬ በምዕራቡ ክፍል ፑማ የሚያድኑ ብዙ ሰዎች ዎከር ወይም የዎከር ድቅል አላቸው። ቶሎ ይገባዋል፣ ዛፉን አጥብቆ ይይዛል። ጉድለቱ ችኮላ ነው።

ብሉቲክ የፈረንሳይ ደም አለበት። ረጋ ያለ ነው፣ አፍንጫው የቆየ ሽታ ያነሳል፣ ድምፁ ረዥምና ወፍራም ነው፤ ከሸለቆ ማዶ ይሰማል። ለደረቅ መሬት የሚመርጡት ለዚህ ነው። እስከ 1946 ድረስ የውሻ ዝርያ በሚመዘግበው ዩናይትድ ኬነል ክለብ ከኢንግሊሽ ጋር አብሮ ይመዘገብ ነበር፣ ዎከርም ከዚያ መዝገብ የወጣው በ1945 ነው። ስለዚህ ሦስቱን ዝርያዎች ፍጹም የተለያዩ አድርጋችሁ አትዩአቸው፤ በመዝገብ ደረጃ እንኳ ትላንት የተለያዩ ዘመዶች ናቸው።

ብላክ ኤንድ ታን ከባድ ነው፣ አፍንጫው ጥሩ ነው፣ ፍጥነቱ አይደለም። ሬድቦን መልኩ ያማረ ቀይ፤ ጥሩ ድብ አዳኝ ቤተሰቦች አሉት፣ በደንብ መፈለግ ግን ይጠይቃል። ኢንግሊሽ በዎከርና በብሉቲክ መካከል ያለ ነው።

ሌላ ልታውቁት የሚገባ ነገር፣ በምዕራቡ ክፍል ካሉት ምርጥ የፑማ ውሾች ብዙዎቹ ወረቀት የላቸውም። ዎከር ከብሉቲክ፣ ፕሎት ከዎከር የተዳቀሉ ናቸው። ባለቤቶቻቸው ለሚሠራ ውሻ እንጂ ለመልክ ግድ የላቸውም። ወረቀት የሌለው ድቅል ስታገኙ አትናቁት። የቤተሰቡ ታሪክ በባለቤቱ አፍ ላይ ብቻ ስላለ ግን ጥያቄያችሁን እጥፍ አድርጉ።

አራተኛ፦ የምትፈልጉትን ጠባይ በቅደም ተከተል ጻፉ

ወረቀት አውጡና ጻፉ። እውነቴን ነው። ሁሉንም ነገር አንድ ውሻ ላይ አታገኙም፤ የትኛውን እንደምትለቁ አስቀድማችሁ ካልወሰናችሁ ሻጩ ይወስንላችኋል።

አፍንጫ። ማስታወቂያ ላይ «ኮልድ ኖዝ» የሚል ታያላችሁ፤ ከብዙ ሰዓት በፊት ያለፈ አውሬ ሽታ የሚያነሳ ማለት ነው። ሁሉም ሻጭ ይህን ይጽፋል። ማስረጃው በስንት ሰዓት የቆየ ዱካ አንስቶ እስከ ዛፉ ጨረሰ የሚለው ነው። ማንሳቱ ብቻ አይበቃም። የቆየ ዱካ ላይ ቀኑን ሙሉ እየጮኸ አንድ ቦታ የሚሽከረከር ውሻ አፍንጫ አለው፣ ጭንቅላት ግን የለውም።

እውነተኛነት። ይህን ከሁሉ በላይ አደርገዋለሁ። ቀባጣሪ ውሻ አለ፤ ሽታ በሌለበት ይጮኻል፣ ሌሎቹ ስለጮሁ ብቻ ይጮኻል። ከዚህ የባሰው ባዶ ዛፍ ላይ የሚጮኸው ነው። በረዶ ውስጥ ሦስት ሰዓት ወጥታችሁ ስትደርሱ ዛፉ ላይ ምንም የለም። ይህ ጠባይ በቤተሰብ ይተላለፋል፤ በሥልጠና ይቀነሳል እንጂ አይጠፋም። እናት ወይም አባት ቀባጣሪ ከሆኑ ቡችላው የቱንም ያህል ቢያምር ተዉት።

ዛፍ ላይ መቆየት። አንዳንዱ ውሻ ጥቂት ጮኾ ሰው ካልመጣ ይሄዳል። ጥሩው ግን ሰዓታት ያልፋሉ፣ ይመሻል፣ እሱ እዚያው ነው። ብቻውን ይቆያል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከሌሎች ጋር ሆኖ መቆየት ቀላል ነው።

ድፍረት። እዚህ ላይ ብዙ አዲስ ሰው ይሳሳታል። ለድብ ደፋር ውሻ ያስፈልጋል፣ ልክ ነው። ግን ድፍረት ማለት ድቡ ላይ ዘሎ መውጣት አይደለም። ጥሩ የድብ ውሻ ከኋላ ይነክሳል፣ ድቡ ሲዞር ይሸሻል፣ እንደገና ይመለሳል። ድቡ ሰላም አጥቶ ዛፍ ላይ ይወጣል። በ1902 ሚሲሲፒ ውስጥ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትን ድብ አደን ያስጎበኘው ሆልት ኮሊየር ነበር፤ በባርነት የተወለደ፣ በድብ አደን የተከበረ ጥቁር አዳኝ። ውሾቹ ድቡን ከበው ሲይዙት ድቡ አንዱን ገደለ፤ ኮሊየር ሌሎቹን ለማዳን በጠመንጃው ሰደፍ መትቶ አሰረው። ሩዝቬልት የታሰረ ድብ አልተኩስም ማለቱ «ቴዲ ቤር» የሚባለውን አሻንጉሊት ስም አወጣለት። ዓለም ያስታወሰው አሻንጉሊቱን ነው። የውሻ ሰው ግን ታሪኩን ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስበው ስለሞተው ውሻ ነው። ያንን የመሰለ አዳኝ እንኳ ውሻ ያጣል፤ እናንተ ደግሞ ዕብድ ድፍረት ያለበትን ዘር ከመረጣችሁ በየወቅቱ የእንስሳት ሐኪም ሒሳብ ትከፍላላችሁ።

ለፑማ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ድፍረት ጭራሽ አያስፈልግም። ፑማ ገደል ላይ ሲቆም የሚጠጋው ውሻ ወይ ይቧጨራል ወይ ይወድቃል።

ድምፅ። ሁለት ዓይነት ነው። ዱካ ላይ ረዥም እያላዘነ የሚሄድ፣ ዛፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ ቶሎ ቶሎ የሚቆራረጥ። ልዩነቱ ቁልጭ ያለ ውሻ ሸለቆ ማዶ ሆኖም «ደርሻለሁ» ይላችኋል። ጂፒኤስ ኮላር ከመጣ ወዲህ ድምፅ አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ኮላሩ ውሻው የት እንዳለ፣ ዛፍ ላይ ቆሞ ይሁን እየሮጠ ያሳያችኋል፣ እውነት ነው። ግን ባትሪ ያልቃል፣ ሸለቆ ውስጥ ሲግናል ይጠፋል። እኔ የሚሰማ ውሻ እመርጣለሁ።

እግር። ማንም አይጠይቅም፣ መጠየቅ ግን አለበት። ድንጋይ ላይ የሚያድን ውሻ መዳፉ እንደ ድመት የተሰበሰበ፣ ቆዳው ወፍራም መሆን አለበት። የተበተነ ጣት ያለው ውሻ ሁለተኛው ቀን ላይ ያነክሳል። ይህም ከእናትና ከአባት ነው የሚመጣው። ከባድ አካልም ለተራራ አይሆንም። ዎከር ከ23 እስከ 32 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ብላክ ኤንድ ታን ከዚያ በጣም ሊከብድ ይችላል። ገደላማ መሬት ላይ ቀለል ያለው ያሸንፋል።

የአጋዘን ነገር። አጋዘን፣ ኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዓይነት)፣ ካዮቲ (ቀበሮ መሰል አውሬ)፣ ጃርት፤ እነዚህን የሚያሳድድ ውሻ ወጪ ነው። አጋዘን በውሻ ማሳደድ በአብዛኞቹ የምዕራብ ግዛቶች በሕግም ያስቀጣል። ጃርቱማ ፊቱን በእሾህ ሞልቶት ይመልሰዋል። ሁሉም ቡችላ ይሞክራል። ጥያቄው አንዴ ሲቀጣ የሚተው ቤተሰብ ነው ወይስ ዕድሜ ልኩን የሚመለስበት? ሻጩን «እናቱ በስንት ዓመቷ ተወችው?» በሉት። «ነክታም አታውቅ» ካለ ሳቅ በሉና ወደሚቀጥለው ጥያቄ እለፉ።

አምስተኛ፦ የዘር ሐረጉን አንብቡ

ወረቀቱ ሁለት ድርጅቶች ላይ ነው በብዛት የሚገኘው፤ በ1898 የተመሠረተው ዩናይትድ ኬነል ክለብና አሜሪካን ኬነል ክለብ። የሥራ ውሻ ሰዎች የመጀመሪያውን ይመርጣሉ። ከስሙ ፊት «ናይት ቻምፒዮን» የሚል ማዕረግ ታያላችሁ። ይህ በሌሊት የራኩን ውድድር የተገኘ ነው። ውድድሩ ሰዓት የተወሰነለት ነው፣ ቀድሞ የጮኸ የበለጠ ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ ቻምፒዮን የበዛበት ወረቀት የሚነግራችሁ ፈጣን፣ ቶሎ የሚጮህ፣ ትኩስ ሽታ ላይ የሚሮጥ ቤተሰብ መሆኑን ነው። ለራኩን ግሩም። ትላንት ማታ ያለፈ ፑማ ላይ ግን ይህ ማዕረግ ምንም አይነግራችሁም።

ሦስት ትውልድ ወደ ኋላ ሂዱ። ሁለት ወላጅ፣ አራት አያት፣ ስምንት ቅድመ አያት፤ አሥራ አራት ስም ነው። ከአሥራ አራቱ ስንቶቹ ትልቅ አውሬ ያደኑ ናቸው? አንድ የታወቀ ስም ሦስተኛው ትውልድ ላይ ብቻ ካለ ከእሱ የቀረው ስም ነው እንጂ ደም አይደለም ማለት ይቻላል። ሻጮች ግን ማስታወቂያውን የሚጽፉት በዚያ ስም ነው።

ቀጥሎ ተደጋጋሚ ስሞችን ፈልጉ። አንድ ውሻ በእናትም በአባትም በኩል ከመጣ ዘሩን ለማጥበቅ የተደረገ ነው። ይህ መጥፎ አይደለም፣ ልኩ ግን አለ። ወንድምና እህት ወይም አባትና ልጅ ቢዳቀሉ የመቀራረብ መጠኑ 25 በመቶ ነው። የአንድ ወገን ወንድምና እህት ወይም አያትና የልጅ ልጅ ከሆነ 12.5፣ የአጎት ልጆች ከሆነ 6.25። ዘር ሲጠበብ ቡችሎቹ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ ጥሩው ጠባይ አስተማማኝ ይሆናል። የተደበቀው ችግርም አብሮ ይወጣል፤ የቡችሎች ቁጥር ያንሳል፣ ጉልበት ይቀንሳል። እኔ 12.5 አካባቢ ያለን አያት ተኮር ማዳቀል ሳይ፣ አያቱ በእርግጥ የታወቀ ሠራተኛ ከሆነ እቀበላለሁ። 25 ከሆነ ያለ በቂ ምክንያት አልነካውም። የማይዛመዱ ሁለት ውሾች ሲዳቀሉ ደግሞ ጥንካሬ ይገኛል፣ ግን ቡችሎቹ የተለያዩ ይወጣሉ። አንዱ ድንቅ፣ አንዱ ሶፋ ላይ የሚተኛ።

ከሁሉ የማምነው ተደጋግሞ የተዳቀለ ጥንድ ነው። ያው እናትና ያው አባት ከዚህ በፊት ወልደው፣ ልጆቹ አሁን ሁለትና ሦስት ዓመት ሆኗቸው እያደኑ ከሆነ፣ ግምት አይደለም የምትገዙት። ትልልቆቹን ወንድሞች ሄዳችሁ ታያላችሁ።

ስድስተኛ፦ እናቱን ጫካ ውስጥ እዩ

እናቷን አይተህ ልጇን አግባ ይባል የለ። ይህን እርምጃ አትዝለሉ። ሁሉም ሰው አባትየውን ያወራል። አባት ታዋቂ ነው፣ ማስታወቂያ ላይ ፎቶው አለ፣ ከየግዛቱ ሴት ውሾች ይመጡለታል። እናት ግን የአርቢው የራሱ ናት፤ ደሟን ግማሽ ትሰጣለች፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቡችሎቹ ጠባይ የሚማሩት ከእሷ ነው። ፈሪ እናት ፈሪ ቡችሎች ታሳድጋለች።

አርቢውን «አንድ ቀን አብሬህ ልውጣ» በሉት። ሐቀኛ የሆነ ሰው ደስ ይለዋል። ሰበብ የሚደረድር ከሆነ በቃ፣ ሌላ ፈልጉ። ስትወጡ ቪዲዮ ላይ የማይታየውን እዩ። ሽታ ሲጠፋባት ምን ታደርጋለች? ቆማ ሌሎቹን ታያለች ወይስ ዞራ ትፈልጋለች? መኪናው ላይ ካለው የውሻ ሣጥን ሆና የድብ ሽታ ከመንገድ ዳር ታነሳለች? ስትጠራ ትመጣለች? ሌሎች ውሾች ላይ ትጣላለች? ሣጥን ውስጥ የሚጣላ ውሻ ቀኑን ከመጀመሩ በፊት ያበላሸዋል።

ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ። ከባለፈው ጊዜ ቡችሎች ስንቶቹ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ያድኑ ነበር? ያልሠሩት ምን ሆኑ? በስንት ወራቸው ጀመሩ? አንዳንድ ቤተሰብ ስምንት ወሩ ላይ ይነሳል፣ አንዳንዱ ሁለት ዓመት ይጠብቃል። ዘግይቶ መነሳት ኃጢአት አይደለም፣ ቀድማችሁ ካወቃችሁት። ሳታውቁ ግን ተስፋ ቆርጣችሁ ጥሩ ውሻ ትሸጣላችሁ። የገዙትን ሰዎች ስልክ ተቀበሉና ደውሉ። ገዢ ከሻጭ ይልቅ እውነት ይናገራል።

ሰባተኛ፦ ጤና

ባጭሩ ልለፈው። የወላጆቹ የዳሌ አጥንት ራጅ መታየቱን ጠይቁ፤ ኦኤፍኤ የሚባለው የእንስሳት አጥንት ጤና ድርጅት የመጨረሻ ማረጋገጫ የሚሰጠው ውሻው 24 ወር ሲሞላው ነው። አብዛኛው የሥራ ውሻ አርቢ ይህን አያሠራም፣ የማይቀርላችሁ ግን መጠየቅ ነው። ስምንት ዓመት ሆኗቸው አሁንም የሚያድኑ አያቶች ካሉ ያ ከራጅ የማይተናነስ ማስረጃ ነው። ረዣዥም ጆሮ ስላላቸው የጆሮ በሽታ ይበዛባቸዋል። ጥርሱ ገጥሞ መያዙን፣ ወንዱ ሁለቱም የዘር ፍሬዎቹ መውረዳቸውን ሐኪም ያይላችሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለድርድር አይቀርብም።

ስምንተኛ፦ ቡችላ ወይስ ሥልጠና የጀመረ ውሻ?

ቡችላ ጥቂት መቶ ዶላር ነው፤ ሠልጥኖ ያበቃ የፑማ ውሻ ብዙ ሺህ። ሀበሻ ጓደኞቼ «ለውሻ?» ብለው አፋቸውን ይይዛሉ። ነገር ግን አዲስ ሰው ሁለት ቡችላ ገዝቶ እርስ በርስ እንዲማማሩ ቢተዋቸው ሁለቱም አይማሩም። ቢያንስ አንድ የሚያውቅ ውሻ ወይም የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። በጀታችሁ አንድ ብቻ ከቻለ፣ እድሜው ገፋ ያለ፣ ፍጥነቱ የቀነሰ፣ ሐቀኛ ውሻ ግዙ። ቡችላው ከእሱ ይማራል።

ሥልጠና የጀመረ ውሻ ስትገዙ ለሙከራ ጊዜ ተስማሙ፤ በጽሑፍ። ብቻውን ሲሠራ እዩ። ከቡድን ጋር ሁሉም ውሻ ጀግና ይመስላል። አጋዘን ባለበት መሬት ላይም ልቀቁት።

ቡችላ ከሆነ በስምንት ሳምንቱ የሚታይ ብዙ ነገር የለም። ሰዎች የራኩን ቆዳ እየጎተቱ ሲፈትኑ አያለሁ፤ ደስ ይላል፣ ብዙ አይነግርም። እኔ የማየው ሌላ ነው። ድስት ክዳን ወርውሩ። ደንግጦ ተመልሶ መጥቶ የሚያሸተውን ውሰዱ። ጥግ ሄዶ የሚቀረውን ተዉት። ሌሎቹን የሚቀጠቅጠውን ጉልቤም ተዉት። ከዚህ ውጪ ቤተሰቡን በደንብ ከመረጣችሁ የቱንም ብታነሱ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።

ዘጠነኛ፦ ከገዛችሁ በኋላ

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ጨክናችሁ አትፍረዱ። ስሙን ይወቅ፣ ሲጠራ ይምጣ፣ መኪና ይልመድ፣ ፈረስና ከብት አይቶ ዝም ይበል። በኤሌክትሪክ ኮላር የምትቀጡት ውሻው አጋዘን ሲያባርር በዓይናችሁ ካያችሁት ብቻ ነው። ምን እያሳደደ እንደሆነ ሳታዩ ከቀጣችሁት ምናልባት ፑማ ነበር የያዘው፤ ፑማን እንዲተው አስተማራችሁት ማለት ነው።

በየወጣችሁበት ቀን ማስታወሻ ያዙ። ዱካው ስንት ሰዓት የቆየ ነበር፣ ማን አነሳው፣ ሲጠፋ ማን መለሰው፣ ዛፉ ላይ ማን ደረሰ፣ ማን ቆየ። ወቅቱ ሲያልቅ ይህ ደብተር ከትዝታችሁ የተለየ ነገር ይነግራችኋል፤ ሁሌ ፊት የሚሮጠው ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ዱካውን ያልፈታው ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ለማዳቀል አትቸኩሉ። ሦስት ዓመት ያልሞላውን ውሻ ጉድለቱን ገና አላያችሁም። ስታዳቅሉም የራሳችሁ ውሻ የጎደለውን የሚሞላ ፈልጉ። የእናንተው ፈጣንና ችኩል ከሆነ ሌላ ፈጣን አትጨምሩበት፤ አፍንጫውና ትዕግሥቱ ከተመሰከረለት ቤተሰብ ውሰዱ። ሁለቱም አንድ ጉድለት ካላቸው፣ ለምሳሌ ሁለቱም ዛፉን ቶሎ የሚለቁ ከሆነ፣ በሌላ በኩል የቱንም ያህል ቢያስደስቷችሁ አታገናኟቸው። ቡችሎቹን ስትሰጡ ደግሞ ከገዢው ጋር ስምምነት ጻፉ፦ ካልፈለገው መጀመሪያ ለእናንተ ይመልሳል። አደን ያልሆነለት ውሻ ልጆች ላሉት ቤት ጥሩ ውሻ ይሆናል፤ ግቢው አጥር ካለውና ጎረቤት ጩኸቱን ከቻለ።